የልጆች ካርድ የሚሉት የጀልባ ላይ ወጥመድ፦ ባሕር ዳር ያላችሁ ወላጆች ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ከሐይቁ ዳር ከተመለስኩ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ ንዴቴ ገና አልበረደም። ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት የፕላስቲክ ካርዶችና ቲን ቁጥር የሌለበት አንድ ብጣሽ ወረቀት ተቀምጠዋል። የከፈልኩት 3,300 ብር ነው። ሦስቱ ልጆች እንዳያልፉት ያስጻፍኩት ገደብ በድምሩ 1,200 ብር ነበር። ወደ እጄ የተመለሰ አምስት ሳንቲም የለም።

የወደቡን ወግ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ገና ከባጃጅ ሳትወርዱ ደላላው ይቀበላችኋል፣ "ጉማሬ ካላያችሁ ገንዘባችሁን እመልሳለሁ" ይላል፣ ዋጋ ይጠራል፣ ትከራከራላችሁ፣ ይቀንሳል፣ ትሳፈራላችሁ። እሱን ለምደነዋል። ይኼኛው ጀልባ ግን ደላላ የለውም። ዩኒፎርም የለበሰ ወጣት፣ ታብሌትና በላስቲክ የተለበጠ የዋጋ ዝርዝር ይዞ ይጠብቃችኋል። ጀልባው ሁለት ፎቅ ነው፤ ላይኛው ላይ ለስላሳና ቺፕስ የሚሸጥበት ኪዮስክ፣ የልጆች ፊት የምትቀባ ሴት፣ ፎቶ አንሺ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ የጌም ስክሪኖች አሉ። ዘጌ ደርሶ መልስ፣ ሙሉ ቀን። መሳፈሪያው ላይ "በጀልባው ውስጥ ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም" የሚል ተለጥፏል። እኔም ሥልጣኔ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ገባሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ በገመድ አንገቱ ላይ የሚንጠለጠል ካርድ ይሰጠዋል፤ ለካርዱ 100 ብር ትከፍላላችሁ፣ ካርዱ ሲመለስ ይመለሳል ይላሉ። ወላጅ 3,000 ብር መያዣ በቴሌብር ያስገባል፤ ከዚያ በታች አይቀበሉም። ልጆቹ የሚገዙት ሁሉ ከዚያ መያዣ ላይ ይቀነሳል። ቀጥሎ ገንዘብ ተቀባዩ "ለልጆቹ ስንት ስንት ገደብ ላድርግላቸው?" ብሎ ይጠይቃል። ልብ የምታሳርፈው ይህች ጥያቄ ናት። አራት መቶ፣ አራት መቶ፣ አራት መቶ አልኩት። እኔው ፊት ታብሌቱ ላይ ጻፈው። "ከዚህ አያልፍም አይደል?" ብለው "አይጨነቁ እናቴ፣ ሲስተም ነው" አለኝ። ሲስተም ነው!

ሐሳቡ የተቀዳው ከትልልቆቹ የባሕር መርከቦች ነው። እዚያ የክፍላችሁ ቁልፍ ራሱ መክፈያ ካርድ ነው፤ የልጆቹ ካርድ ከወላጅ ሂሳብ ጋር ይያያዛል፤ ወላጅ ከፈለገ እንግዳ መቀበያው ዘንድ ሄዶ የልጁ ካርድ ከነጭራሹ ምንም እንዳይገዛ ያስዘጋዋል። እዚያም ቢሆን የጌም ክፍሉ ወላጅ የሚያለቅስበት ቦታ ነው። ነገር ግን መርከቡ የራሱ ኮምፒውተርና የራሱ የውስጥ መስመር አለው። ውቅያኖስ መሃል ላይ ሆኖም ኪዮስኩ ከሂሳብ ክፍሉ ጋር ይነጋገራል። የኛው ጀልባ ያለው ሲም ካርድ የገባበት የካርድ ማንበቢያ ብቻ ነው።

ዋናው ጉድ እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። የካርድ ገንዘብ በሁለት መንገድ ይቀመጣል። አንደኛው ካርዱ ውስጥ ባለችው ቺፕ ላይ ነው። 400 ከተሞላ 400 ነው፤ ሲያልቅ አለቀ፤ ኔትወርክ ኖረም አልኖረም ማንበቢያው እምቢ ይላል። በሁለተኛው ግን ካርዱ የያዘው ቁጥር ብቻ ነው፤ ገንዘቡም ገደቡም ያለው የብስ ላይ በተቀመጠ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ስለዚህ ልጁ ካርዱን ባስነካ ቁጥር ማንበቢያው በኔትወርክ "ይችላል ወይ?" ብሎ መጠየቅ አለበት። ኔትወርክ ከሌለ ሻጩ ወይ መሸጡን ማቆም አለበት፣ ወይ ማንበቢያው ለሁሉም እሺ እያለ እንዲመዘግብና በኋላ ኔትወርክ ሲያገኝ ባንዴ እንዲልክ ማድረግ አለበት። እነዚህ ሰዎች የመረጡት ሁለተኛውን ነው። ከከተማው እየራቅን ወደ ዘጌ ስናቀና ስልኬ ኔትወርክ አጣ። እኔ ቂሏ "እሰይ፣ ዛሬስ ማንም አይደውልልኝም" ብዬ ስልኬን ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። የልጆቹ ገደብም አብሮ መጥፋቱን ያኔ ማን ያስበዋል።

ማንበቢያው ካርድ ሲነካው ጢጥ ይላል፣ አረንጓዴ ያበራል፣ አለቀ። ስንት እንደተቀነሰ ወይም ስንት እንደቀረ ለገዢው አያሳይም፤ ስክሪኑ የዞረው ወደ ሻጯ ነው። ለስድስት ዓመት ልጅ ደግሞ ጢጥ ማለት ተፈቅዶልሃል ማለት ነው። ካርዶቹ ላይ ፎቶም የይለፍ ቁጥርም ስለሌለ የእህት ካርድ በወንድም እጅ ቢገኝ የሚጠይቅ የለም። ፎቶ አንሺው ጭራሽ መጀመሪያ ካርዱን ያስነካና ነው ፎቶውን የሚያሳየው። ባትወዱትም 200 ብሩ ሄዷል።

የጌሙ ግን ከሁሉም ይብሳል። ዋጋው "40 ብር ለ5 ደቂቃ" ይላል። ሰው ይህን ሲያነብ የሚረዳው ልጁ አስነክቶ አምስት ደቂቃ ተጫውቶ እንደሚያበቃ ነው። እዚያ ግን ካርዱ አይነካም፤ ስክሪኑ ሥር ባለች ጠባብ ኪስ ውስጥ ይሰካል። ከዚያች ኪስ እስካልወጣ ድረስ አምስት ደቂቃ በሞላ ቁጥር ሌላ 40 ብር ይቆርጣል። ልጁ ይጫወት አይጫወት ጉዳዩ አይደለም። ትንሹ ልጅ ገመዱን ከአንገቱ አውልቆ ካርዱን ሰካ፣ ትንሽ ተጫወተ፣ ከዚያ "ጉማሬ! ጉማሬ!" የሚል ጩኸት ሲሰማ እንደ ሌሎቹ ልጆች ሮጦ የጀልባውን አጥር ተደገፈ። ካርዱ በጠቅላላ 70 ደቂቃ ተሰክቶ ቆይቷል። 14 ጊዜ 40፣ 560 ብር። አብዛኛውን ሰዓት ስክሪኑ ፊት ሰው አልነበረም። እዚያ የቆመችው ሠራተኛ ይህን እያየች ካርዱን ነቅላ ብትሰጠው ምን ነበረበት? አልነቀለችም።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ ጀልባው ስለተንገጫገጨ ወደብ ስንደርስ ሁሉም ለመውረድ ቸኩሏል። ገንዘብ ተቀባዩ የትንሹን ካርድ ታብሌቱ ላይ አስነካው። 360 ይላል። "ጎበዝ የኔ ልጅ" ብዬ ራሱን ዳበስኩት። ከዚያ ኪዮስክ ላይ የነበረችው ሻጭ ማንበቢያውን አምጥታ አጠገቡ አኖረችው። ማንበቢያው ኔትወርክ ያዘ። ታብሌቱ ላይ ያለው ቁጥር ዓይኔ እያየ መሮጥ ጀመረ፦ 400፣ 440፣ 480። አሁን ይቆማል፣ አሁን ይቆማል እያልኩ ቆሜ ሳይ 680 ላይ ሄዶ አረፈ።

"ገደቡ አራት መቶ አይደለም እንዴ?" አልኩት።

ቀና እንኳ አላለም። "ገደብ ማስታወሻ ነው እንጂ ቁልፍ አይደለም።"

"ታዲያ ለምን ጠየቅኸኝ?"

"ሲስተሙ ስለሚጠይቅ ነው እናቴ።"

ጠዋት "ሲስተም ነው" ያለኝ ይኸው ሰው ነው፤ ያኔ ቃሉ ዋስትና ነበር፣ ማታ ማመካኛ ሆነ። አልበቃውም፤ "ልጅ ይዞ ሐይቅ የወጣ ሰው ሁለት መቶ ሰማንያ ብር አይቆጥርም" ብሎ ከኋላዬ ለተሰለፉት ጥቅሻ ቢጤ ጣለላቸው። ከሰልፉ ውስጥም ፈገግ ያሉ ነበሩ፤ ተራቸው እስኪደርስ።

ሂሳቡን እንካችሁ። ትንሹ 560 ብር ጌምና ሁለት ለስላሳ እያንዳንዱ በ60፣ ድምር 680። ትልቁ ሁለት ለስላሳ፣ ሁለት ቺፕስ እያንዳንዱ በ50፣ ስምንት ጊዜ ጌም፣ ድምር 540። ልጅቷ አንድ ለስላሳ፣ አንድ ቺፕስ፣ የፊት ቀለም 150፣ ፎቶ 200፣ ድምር 460። ሦስቱም ገደቡን አልፈዋል፤ ጠቅላላው 1,680 ብር። በዚህ ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ፣ 168 ብር። በሁለቱ ድምር ላይ 15 በመቶ ቫት፣ 277 ብር ከ20። ሁሉም ሲደመር 2,125 ብር ከ20 ሳንቲም። የዋጋ ዝርዝሩ ግርጌ ላይ በጉንዳን ፊደል "ቫትና ሰርቪስ አይጨምርም" የሚል ጽሑፍ እንዳለ ያየሁት ስወርድ ነው። ገደቡም የሚቆጠረው ከቫትና ከሰርቪስ በፊት ስለሆነ፣ በትክክል ቢሠራ ኖሮ እንኳ አራት መቶ ያላችሁት 506 ብር ሆኖ ይወጣል። ቫት የሚቆርጥ ነጋዴ ቲን ቁጥሩ ያለበት፣ ከተመዘገበ የሽያጭ መሣሪያ የወጣ ደረሰኝ መስጠት ግዴታው ነው። የተሰጠኝ ግን ስልክ ቁጥር እንኳ የሌለው ብጣሽ ነው። ያ 277 ብር የት እንደሚገባ እናንተው ገምቱ።

የቀረው 874 ብር ከ80 ነው። እሱን ስጠኝ ስለው ካርዱን ገለበጠና በጥፍሩ አንድ መስመር አሳየኝ፦ "ቀሪ ሂሳብ በጥሬ ገንዘብ አይመለስም። ለ30 ቀን ያገለግላል።" ይህ የተጻፈው ከከፈላችሁ በኋላ እጃችሁ የሚገባው ካርድ ጀርባ ላይ ነው። እሺ፣ የካርዱን 300 ብር መልስልኝ አልኩት። ካርዱን ከመለሱ ቀሪው ሂሳብ ይሰረዛል አለኝ። ገባችሁ? ካርዱን ከመለሳችሁ 300 ታገኛላችሁ፣ 875 ሊሞላ 20 ሳንቲም የጎደለው ገንዘብ ግን ይቀራል። ካርዱን ከያዛችሁ 300ው ይቀራል። በየትኛውም በር ብትወጡ ከፋይ ናችሁ።

የሚያናድደው ዘጌ ላይ ያየሁት ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት መግቢያው ላይ ጥሬ ብር ተቀብለው ትኬት ቆርጠው ሰጡን። መንገድ ዳር ትንንሽ የታንኳ ቅርጽ የሚሸጡ ልጆች ጋ ልጅቷ እጇ ላይ አንድ መቶ ብር ብቻ ስለነበራት ሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቃ፣ ተከራክራ፣ ሃያ ብር መልስ ተቀብላ መጣች። ይህችው ልጅ ናት ጀልባው ላይ ለፊት ቀለም 150 ብር ያስነካችው። አልፈርድባትም። ካርድ አይቆጠርም፣ አይሳሳም።

ለማንኛውም እንዲህ ያለ ጀልባ ከገጠማችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት አንዱን ካርድ ገደቡን ዜሮ አድርጋችሁ የማንበቢያውን ኔትወርክ አጥፍተው እንዲያስነኩላችሁ ጠይቁ። አረንጓዴ ካበራ ገደብ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው። የካርዱን ጀርባ አንብቡ፣ ገደቡ የተጻፈበትን ታብሌት በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ቀሪው በከፈላችሁበት የቴሌብር ቁጥር እንደሚመለስ ካልጻፉላችሁ አትክፈሉ። ከተሳፈራችሁ ደግሞ ካርዶቹን ከልጆቹ አንገት አውልቃችሁ ኪሳችሁ ክተቱ፤ ልጁ ሲፈልግ እናንተው አስነኩለት። ጌሙ ጋ ከሄደ ከኋላው ቁሙ። ከ127 የሚመጣውን የቴሌብር የክፍያ መልእክት አትሰርዙት፣ የግብይት ቁጥሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ እኔም ነገ ጠዋት ብጣሿንና መልእክቱን ይዤ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ።

ቀሪዋን 874 ብር ከ80 ለመጠቀም በ30 ቀን ውስጥ ዳግም መሳፈር ያስፈልጋል። ለመሳፈር አዲስ ትኬት መግዛት፣ ከትኬቱ ጋር ደግሞ አዲስ 3,000 ብር መያዣ ማስገባት አለ። የድሮው ቀሪ ከመያዣው ላይ አይታሰብም ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር። አይታሰብም አለኝ።