የአሥር ዓመት እገዳ የተባለውን በቀን መቁጠሪያ ላረሙልን ጠበቃ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ባለቤቴ የስደተኛ ቪዛውን ይዞ በሰላም አሜሪካ ገብቷል። ለዚህ ያበቁንን የኢሚግሬሽን ጠበቃ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ንፉግነት ይሆንብኛል። ስማቸውን ለመጥቀስ ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ «ማስታወቂያ አልወድም፤ የሚፈልገኝ ሰው ካለ አንቺን ይጠይቅ» ብለው ከለከሉኝ። ስለዚህ ስሙን ትቼ ሥራቸውን ልናገር። ቪዛ አሳልፎ ቆይቶ የወጣ፣ አሁን ደግሞ ተመልሶ ለመግባት የሚፈልግ ዘመድ ያለው ሰው እስከ መጨረሻው ቢያነበው ይጠቀማል።

ባለቤቴ፣ ያኔ እጮኛዬ፣ በጎብኚ ቪዛ ገብቶ የተፈቀደለት ጊዜ ሳያልቅ የማራዘሚያ ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። መልሱ ወራት ፈጅቶ መጣ፤ ተከልክሏል። እሱም ዛሬ ነገ ሲል ከረመና አባቱ በጠና ሲታመሙ በራሱ ፈቃድ፣ በራሱ ትኬት ወጣ። ማንም አላባረረውም፤ ፍርድ ቤትም አልቀረበም። በዚያን ጊዜ እኔ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት አልነበረኝም። በኋላ ሄጄ ተጋባን፤ ዜግነቴን ስወስድ ደግሞ ላመጣው ተነሣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ወደሚል ሰው ነበር። ፓስፖርቱን አገላብጦ፣ የተፈቀደው ጊዜ ካበቃበት ቀን እስከ መውጫው ድረስ ቆጠረና «ከዓመት አልፏል፤ አሥር ዓመት ታግዷል» አለኝ። ሁለት መንገድ አቀረበልኝ። አንዱ ዌቨር የሚባለውን የእገዳ ማንሻ ማመልከቻ ማስገባት ነው፤ ክፍያው ከባድ ነበር። ሌላው በቅጹ ላይ ከተፈቀደልህ ጊዜ በላይ ቆይተህ ታውቃለህ ወይ ለሚለው ጥያቄ «የለም» ብሎ መሙላት ነው። ሁለተኛውን ሲናገር ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም።

ወደ ጠበቃዋ የመራችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ወይዘሮዋ ሰላምታ ሲሰጡ እንኳ ቁጥብ ናቸው። ታሪኩን ልተርክላቸው ስጀምር እጃቸውን አነሡና «የኔ እህት፣ ወሬውን በኋላ እንሰማዋለን፤ ወረቀት አምጪ» አሉኝ። ይዤ የሄድኩትን ፖስታ ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። ቪዛው የተለጠፈበትን ገጽ አይተው አለፉት። አይ-94 የሚባለውን የመግቢያ መዝገብ ለብቻ አስቀመጡ። ከዚያ እኔ ከቁም ነገር ያልቆጠርኩትን፣ የማራዘሚያው ማመልከቻ ውድቅ መሆኑን የሚገልጸውን ደብዳቤ አወጡና ቀኑን በእርሳስ ከበቡት። አሜሪካ ሲወጡ ፓስፖርት ላይ ማኅተም ስለማይመታ፣ መውጫውን ያረጋገጡት ባለቤቴ አገሩ ሲገባ ከተመታለት ማኅተም ነው። ቀለሙ ስለፈሰሰ በአጉሊ መነጽር ነው ያነበቡት። ከዚያ የቀን መቁጠሪያ ዘርግተው በእርሳሱ ጫፍ እያንዳንዷን ወር እየነኩ መቁጠር ጀመሩ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ያለ ፈቃድ ሥራ ሠርቷል?» አልሠራም ነበር። «እንግዲያው አሥር ዓመት የሚባል ነገር የለም» አሉ።

ሕጉን ያስረዱኝ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት ከ180 ቀን በላይ፣ ግን ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ በሕገወጥ መንገድ ቆይቶ፣ የማስወጣት ክስ ሳይከፈትበት በራሱ ፈቃድ የወጣ ሰው ለሦስት ዓመት መግባት አይችልም። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ለአሥር ዓመት ይታገዳል። እገዳው የሚጀምረው ሰውዬው ከአገር ሲወጣ ነው። ውስጥ እስካለ ድረስ ቀኑ ይጠራቀማል እንጂ እገዳው አይነቃም። ይህን ስሰማ ነው የባለቤቴ ጉዳይ ለምን እንደተወሳሰበ የገባኝ። በቪዛ በሕጋዊ መንገድ ገብቶ ጊዜ ያሳለፈ ሰው የአሜሪካ ዜጋ ቢያገባ፣ አገር ሳይለቅ እዚያው ግሪን ካርድ ሊጠይቅ ይችላል። እኔ ግን ያኔ ዜጋ አልነበርኩም፤ እሱም የታመመ አባት ነበረው። መውጣቱን ዛሬም አልቆጭበትም፤ አባቱን ቀብሮ ከመጣ ሰው ጋር ስለ ሕግ ስልት መከራከር አይቻልም።

ዋናው ነገር አቆጣጠሩ ነው። ጉዳይ አስፈጻሚው የቆጠረው በአይ-94 ላይ ካለው ማብቂያ ቀን ጀምሮ ነበር። ነገር ግን የማራዘሚያ ማመልከቻ በጊዜው፣ በቅን ልቦና ከገባና አመልካቹ ያለ ፈቃድ ካልሠራ፣ መልስ በሚጠበቅበት ጊዜ ሕገወጥ ቆይታ አይቆጠርም። ቆጠራው የሚጀምረው ማመልከቻው ውድቅ ከሆነበት ማግስት ነው። ከዚያ ቀን እስከ መውጫው ሲቆጠር ከ180 ቀን በላይ ቢሆንም ዓመት አልሞላም። ስለዚህ እገዳው የሦስት ዓመት ነው። ባለቤቴ ከወጣ ደግሞ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር።

እዚህ ላይ ነው ጠበቃዋን ያከበርኳቸው። ዌቨሩን እንዲያዘጋጁልኝ፣ የሚጠይቁትን እንደምከፍል ነገርኳቸው። ዌቨር ቀላል ሥራ አይደለም፤ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያላት ሚስት፣ ወይም እንደዚሁ ያለ ወላጅ፣ አመልካቹ ቢከለከል ከባድ ጉዳት እንደሚደርስባቸው በሰነድ ማስረዳት ይጠይቃል፤ ለጠበቃ ጥሩ ገቢ ነው። እርሳቸው ግን «ለማያስፈልገኝ ነገር አልከፍልም ብለሽ ልትቆጪኝ ሲገባ ታባብይኛለሽ?» ብለው ሳቁ። የጋብቻውን ማመልከቻ አሁን አስገቢ፤ እሱ እስኪጸድቅና ቆንስላው ቀጠሮ እስኪሰጥ ሦስት ዓመቱ ያልፋል፤ ያለፈ እገዳ ማንሻ አያስፈልገውም አሉኝ። ክፍያ የተቀበሉኝ ለምክሩና ቅጹን ለማየት ብቻ ነው።

የ«የለም» ብለህ ሙላውን ምክር ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። ቪዛ ለማግኘት ቁም ነገር ያለው ውሸት የተናገረ ሰው የሚጣልበት እገዳ ማብቂያ ዓመት የለውም፤ ዕድሜውን ሙሉ ይከተለዋል፤ ለማስነሣትም ራሱን የቻለ ዌቨር ይፈልጋል። መግቢያው በመንግሥት እጅ ተመዝግቦ ሳለ መካድ ሦስት ዓመቱን በዕድሜ ልክ መለወጥ ነው። አንድ ዘመዳችን ደግሞ «በየብስ ድንበር ይግባ» ሲል እንደነበር ጣል አድርጌ ነበር። በድምሩ ከአንድ ዓመት በላይ በሕገወጥ መንገድ ቆይቶ የወጣ ሰው ያለ ፍተሻ ድንበር ጥሶ ቢገባ ወይም ሊገባ ቢሞክር ቋሚ እገዳ ይጣልበታል፤ ፈቃድ ለመጠየቅ እንኳ አሥር ዓመት ውጭ መቆየት አለበት። የባለቤቴ ቆይታ ዓመት ባይሞላም፣ ይህን ሐሳብ ዳግመኛ በፊታቸው እንዳላነሣ አስጠነቀቁኝ።

በየሰርጉና በየለቅሶው የምንሰማው ወሬም ብዙ ነው። ቪዛዬ የብዙ ዓመት ስለሆነ እስከዚያ መቀመጥ እችላለሁ የሚል ሰው ስንቱ ነው! በፓስፖርት ላይ ያለው የቪዛ ቀን ለመግባት የሚያገለግል ነው፤ የመቆያውን ልክ የሚወስነው አይ-94 ነው። አንድ ቀን ብቻ ቢያልፍ ምንም አይደለም የሚሉም አሉ። እርግጥ ከ180 ቀን በታች ያሳለፈ ሰው የሦስት ዓመቱ እገዳ አይመለከተውም፤ ሆኖም ያ ቪዛ ይሰረዛል፣ ከዚያ ወዲያም በመደበኛው ሕግ አዲስ ቪዛ የሚጠይቀው በዜግነት አገሩ ነው። ለጎብኚ ቪዛ ሲቀርብም ቆንስሉ የኋላ ታሪኩን ይመዝናል፤ እገዳ የለብኝም ማለት ቪዛ ይሰጠኛል ማለት አይደለም። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ግን ለሦስቱና ለአሥሩ ዓመት እገዳ ቀን አይቆጠርባቸውም። የተማሪ ቪዛ አቆጣጠርም ይለያል፤ ይህን ለራሳቸው ለጠበቃዋ እተወዋለሁ።

የቃለ መጠይቁ ቀን ባለቤቴ ፍርሃቱ ከእኔ ይብስ ነበር። ጠበቃዋ በስልክ የመከሩት «የተጠየቅኸውን መልስ፤ ያልተጠየቅኸውን አትዘክዝክ፤ ቀኖቹን በቃልህ ያዝ» የሚል ብቻ ነው። ቆንስሉ ለምን ቆየህ ብሎ ጠየቀው። እሱም ከጊዜው በላይ መቆየቱን ሳይሸፍን ተናገረ፤ ደብዳቤውንና የማኅተሙን ቅጂ አቀረበ። ሰውየው ወረቀቶቹን ከኮምፒውተሩ ጋር አመሳክሮ ስለ ዌቨር ቃል ሳይተነፍስ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ።

አንድ ሁለት ነገር ግን ልናገር፤ ሙገሳ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር። ስልክ በቶሎ አያነሡም፤ ቀጠሮ ለማግኘትም ሳምንታት ጠብቄያለሁ። የሚያጽናና ቃል የሚፈልግ ሰው እርሳቸው ዘንድ አያገኘውም። ተስፋ የሌለውን ጉዳይ ተስፋ የለውም ይላሉ፤ አብራኝ የሄደች ጓደኛዬ እንዲህ ተብላ አልቅሳ ወጥታለች። ሌላ ቦታ ገንዘቧን ከከሰከሰች በኋላ ተመልሳ ወደ እርሳቸው ሄዳለች።

ወደ ማንም ብትሄዱ ግን ፈቃድ ያለው ጠበቃ መሆኑን በግዛቱ የጠበቆች ማኅበር መዝገብ አረጋግጡ፤ ወይም በአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና የተሰጠው ወኪል ይሁን። ቅጽ የሚሞላ ሰው የሕግ ምክር ለመስጠት አይፈቀድለትም። ለእርሳቸው ስትቀርቡ አይ-94፣ ያስገባችሁትን ማመልከቻ ሁሉ ከነደረሰኙ፣ የተላከላችሁን ደብዳቤ ከነፖስታው ያዙ፤ ፓስፖርቱ ቢታደስም አሮጌውን አትጣሉ። ስልካቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ የጥገኝነት ጉዳይ ግን አይዙም፤ ለዚያ ወደ ሌላ ጠበቃ ይመራሉ።