ለእናቴ የዓይን ሐኪም

የእናቴን የዓይን ሞራ የገፈፉላትን ዶክተር በአደባባይ ማመስገን ፈልጌ ነው። ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ስለሆነ አይደለም። መሀል ላይ ችግር ተፈጥሮ ነበር። ከምንም በላይ የማመሰግናቸው ለዚያች ሰዓት ነው።

የእናቴ ሞራ ቆይቶ ጠንክሯል፤ ቡናማ ሆኗል። እኛ ልጆቿ «በማሽን ይሁንላት» ብለን ድርቅ አልን። ዶክተር ቁጭ አድርገው አስረዱን። ፋኮ የሚባለው ማሽን በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ገብቶ ሞራ የያዘውን የዓይን ሌንስ በድምፅ ሞገድ ይሰባብርና ይመጠዋል። ሌንሱ እንዲህ ሲጠጥር ግን ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ጉልበቱ የኮርኒያን፣ ማለትም ከዓይን ፊት ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን፣ የውስጥ ሴሎች ይጎዳል፤ እነሱ ደግሞ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ስለዚህ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ከፍተው በእጅ ሊያወጡት መረጡ። አከፋፈቱ እንደ ዋሻ ስለሆነ ያለ ስፌት ራሱ ይገጥማል።

ሌንሱ በደህና ወጣ። ቅሪቱ ሲጸዳ ግን ሌንሱን የያዘው ከረጢት ከኋላ በኩል ተቀደደ። የከረጢቱ የኋላ ውፍረት 0.01 ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም። ከኋላው ያለው ዝልግልግ ነገር ወደ ፊት መጣ። ያኔ መጎተት ክፉ ነው፤ ሬቲናን፣ ከዓይን ኋላ ብርሃን የሚቀበለውን ስስ ሽፋን፣ ሊልጥ ይችላል።

እናቴ የደነዘዘው ዓይኗ ብቻ ስለነበር ሁሉን ትሰማለች። «እማማ፣ ትንሽ ልንቆይ ነው። እንዳይንቀሳቀሱ። አይዞዎት፣ እዚሁ ነኝ» አሏት። ድምፃቸው ምንም አልተለወጠም ትላለች። የመጣውን ሳይጎትቱ በትንሽ መቁረጫ እየቆረጡ አጸዱ። አዲሱን ሰው ሠራሽ ሌንስ በተረፈው የከረጢቱ የፊት ጠርዝ ላይ አስቀመጡት። ያ ጠርዝ የተረፈው መጀመሪያ ሲከፍቱት ክብ አድርገው በጥንቃቄ ስለቀደዱት ነው።

ከዚያ ወጥተው ሳንጠይቃቸው ነገሩን። «ከረጢቱ ተቀዷል፣ እንዲህ አድርጌያለሁ፣ ክትትሉ ከሌላው ሰው ይበዛል» አሉ። ይህን ስንቱ ይናገራል? በየቀጠሮው የዓይኗን ግፊትም ሬቲናውንም አዩላት።

መጀመሪያ ዓይኗ አብጦ ጭጋግ ነበረው። እየቆየ ጠራ። አንድ ጠዋት ከአልጋዋ ሆና የግድግዳውን ሰዓት አነበበች። ለዓመታት ስንት ሰዓት እንደሆነ እኛን ነበር የምትጠይቀው።

በነገራችን ላይ፣ አባቶቻችሁ ለፕሮስቴት ታምሱሎሲን የሚወስዱ ከሆነ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሐኪሙ ንገሩ። መድኃኒቱ አይሪስን፣ ባለ ቀለሙን የዓይን ክፍል፣ ያላላና ሥራውን ያከብዳል። እኛንም ዶክተር እናቴ የምትወስደውን መድኃኒት አንድ በአንድ ጠይቀውናል። ሐኪም ስትመርጡም ስለ ማሽኑ ብቻ አትጠይቁ፤ «ለዚህ ዓይን ለምን ይህን ዘዴ መረጡ? ከረጢቱ ቢቀደድስ?» በሉ።

ስማቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ዶክተር፣ እጅዎ ይባረክ።