ለኮምቦልቻው የብረት ባለሙያ ምስጋና፤ የአባት ጠመንጃ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

የአባቴን ባለ ሁለት በርሜል የአደን ጠመንጃ የምታውቁ የደሴ ዘመዶቼና ጎረቤቶቼ ሰሞኑን «ማን ነው እንዲህ አሳምሮ የሠራው?» ብላችሁ ስለጠየቃችሁኝ እዚሁ ልመልስ። የሠሩት ኮምቦልቻ ውስጥ አነስተኛ ወርክሾፕ ያላቸው አንድ ጋሼ ናቸው። ስሜን አትጻፍ ብለው አደራ ስላሉኝ አልጽፍም፤ ማመስገኑን ግን ማንም አይከለክለኝም።

ጠመንጃው የቤልጂየም ሥራ ነው። ቤተሰባችን ውስጥ ከአፄ ዮሐንስ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው ሲባል ነው ያደግነው። ጋሼ በማጉያ መነጽር በርሜሉ ሥር ያለውን ማህተም አሳዩኝ፤ በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ የላቲን ፊደላት ከነኮከባቸው፣ ከላይ ደግሞ ዘውድ። የሊዬዥ ከተማ የመሣሪያ ፍተሻ ቤት ምልክት ነው። ዘውዱ የተጨመረው በፈረንጆቹ 1893 ስለሆነ፣ አፄ ዮሐንስ ደግሞ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ስለወደቁ፣ ጠመንጃው ከእሳቸው በኋላ የመጣ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ ትንሽ ከፍቷት ነበር።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። አባቴ በሕይወት እያለ ሌላ ከተማ ያለ አንድ ሠራተኛ የቀኙን የጎን ሽፋን (የመተኮሻውን ክፍል በጎን የሚከድነውን ስስ ብረት) በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ በጋዝ እሳት ለብልቦ «ቀለሙን መለስኩልህ» ብሎት ነበር። ሰማያዊ መስሎ ቆየና ጠፋ። ከዚያ በኋላ ዝገቱ እየበላው ሄደ፤ የደሴን ክረምትና ጉም ታውቁታላችሁ።

ጋሼ መጀመሪያ ያነሡት ትንሽ ሞረድ ነው። የግራውን ሽፋን ማንም በማያየው በውስጠኛው ጠርዝ በኩል ነካ ሲያደርጉት ሞረዱ ሳይዝ ተንሸራተተ። የቀኙን ግን ነከሰው፤ ጥቂት ብናኝ ጣታቸው ላይ ቀረ። «ጥንካሬው የለም፤ አብሽር ልጄ፣ ይመለሳል» አሉኝ።

እንዳስረዱኝ ከሆነ የድሮ ሠሪዎች ይህን ክፍል የሚያበጁት ከለስላሳ ብረት ነው። ከዚያ የአጥንትና የእንጨት ከሰል በሞላበት የብረት ሣጥን ውስጥ ቀብረው ለሰዓታት ያግሉታል፤ ካርቦኑ ላዩ ላይ ይሰርጋል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ላዩ ይጠነክራል፣ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ስለሚቀር በቀላሉ አይሰነጠቅም። ያ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅና ገለባማ ዝንጉርጉር ቀለም የሚወጣውም ያኔ ነው። የተወለወለ ብረት በጋዝ እሳትም 300 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሰማያዊ ይሆናል፤ እሳቱ ከዚያ ካለፈ ግን ጥንካሬውን ይዞት ይሄዳል።

ሥራውን ቆሜ አይቻለሁ። አጥንቱን ከልኳንዳ ሰብስበው፣ ስቡን አስወግደው፣ በተዘጋ ዕቃ አክስለው ወቅጠውታል። ሽፋኑ ስስ ስለሆነ ውሃ ሲያገኘው እንዳይጣመም ከወፍራም ብረት ጋር በቪቴ አሰሩት። እቶኑ 750 ዲግሪ አካባቢ ቆየ። ውሃ የሞላበት በርሜል ውስጥ የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ቱቦ ከትተው አረፋ እያስነሱ፣ የሣጥኑን አፍ ከውሃው ጋር አስጠግተው በአንድ ትንፋሽ ገለበጡት። መሃል ላይ አየር ካገኘው ቀለሙ ይበላሻል። ሲወጣ ጥላሸት ለብሶ ነበር፤ በጨርቅ ሲጠርጉት ጠርዙ ገለባማ፣ መሃሉ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ሆኖ ብቅ አለ። አባቴ ቢያየው ብዬ ተመኘሁ።

ከሁሉም በላይ ያከበርኳቸው እምቢ ባሉት ነገር ነው። የግራውም ሽፋን፣ በርሜሉ የሚታጠፍበት ዋናው አካልም አብረው ይታደሱና ይመሳሰሉ ብዬ ለመንኳቸው። «የፋብሪካው ቀለም ጥጋጥጉ ላይ አሁንም አለ፤ እሱን ካጠፋሁት እኔም አልመልሰውም። አካሉ ደግሞ እሳት ገብቶ ትንሽ ከተጣመመ በርሜሉ አልገጥም ይላል» አሉ። ተጨማሪ ገንዘብ ልክፈል ብላቸውም ፍንክች አላሉም። በርሜሉንም በሚፈላ ኬሚካል አላጠቆሩትም፤ ሁለቱ በርሜሎች የተያያዙት በስታኞ ስለሆነ ኬሚካሉ ይበላዋል። ቀስ ብለው እያዛጉ፣ በውሃ እየቀቀሉ፣ በሽቦ ብሩሽ እየጠረጉ ነው ያጠቆሩት። አንድም የቪቴ ራስ አልተላጠም፤ ለየቪቴው የሚገጥም ካቻቢቴ ሞርደው አዘጋጅተዋል።

የጥይት መክተቻውንም ለክተው 65 ሚሊ ሜትር መሆኑን ነገሩኝ። የዛሬዎቹ ጥይቶች በብዛት ለ70 የተሠሩ ስለሆኑ እንዳልተኩስበት አስጠነቀቁኝ። ዋጋውን መጀመሪያ ነገሩኝ፣ መጨረሻ ላይም ያው ነበር።

ልትሄዱ ለምታስቡ፦ የጦር መሣሪያ ፈቃዳችሁን ሳያዩ አይነኩም፤ በአዋጅ 1177/2012 ቀልድ የለም። ቁጥር ፋቁልኝ ብሎ የሚመጣውን ከበር ይመልሱታል። ቀለሙ ላይ ስስ ቫርኒሽ ይቀቡበታል። ቤት ስትወስዱት በሎሚም ሆነ በኮምጣጤ እንዳትጠርጉት፣ አሲድ ቀለሙን ያነሣዋል። ፀሐይ ከሚያገኘው ግድግዳም አውርዱት።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ።