ሚስ የሚያደርግ የድሮ ኮምቢ፦ ገመድ መንቀል ወይስ ኮምፕሬሽን መለካት?

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራ የቮልስዋገን ካምፐር ይዘሃል እንበል፣ ሞተሩ ሚስ ያደርጋል፤ ማለትም አንዱ ሲሊንደር በትክክል አይቀጣጠልም።

ገመድ መንቀል ወጪ የለውም። ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ) አስነስተህ፣ እጀታው በደንብ በተሸፈነ ፒንሳ የካንዴላ (ብልጭታ ሰጪው) ገመዶቹን አንድ በአንድ ትነቅላለህ። የጤነኛው ሲሊንደር ገመድ ሲነቀል ሞተሩ ይንገዳገዳል፤ የሞተው ሲነቀል ምንም ለውጥ የለም። ካንዴላው ይሁን ቫልቩ ግን አይነግርህም። ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን (ማቀጣጠያ) ከተገጠመለት ደግሞ አትሞክረው፣ ሊቃጠል ይችላል።

ኮምፕሬሽን፣ ማለትም በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት፣ መለካት ጌጅ ይፈልጋል፣ ካንዴላዎቹን ማውለቅም እጅ ይልጣል። እኔ ግን የማምነው እሱን ነው፤ አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ካርቡሬተር መጎርጎሩን ተወው፣ ችግሩ ቫልቭ ወይ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ነው። መጀመሪያ 3ኛውን ለካ። የዘይት ማቀዝቀዣው ነፋሱን ስለሚጋርደው ሙቀት የሚበዛበት እሱ ነው፣ የጭስ ማውጫ ቫልቩም ቶሎ ይቃጠላል። ሞተሩን ከማውረድህ በፊት ግን ቀዝቅዞ እያለ የቫልቩን ክፍተት አስተካክልና ደግመህ ለካ።