ስቲል ግሪትና ውሃ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

የፋሲካ ሰሞን ነበር። ሐሙስ ማታ ጋራዡን ዘግተን ሄድን፤ ማክሰኞ ጠዋት ተመለስን። ልጁ የብላስት ማሽኑን፣ ደቃቅ ፍሬ ከውሃ ጋር በኃይል እየረጨ ዝገትና ቀለም የሚያነሳውን፣ ታንክ ውሃ ሞልቶ ሞተሩን አስነሳ። ትንሽ ቆይቶ ጠራኝ። «ጋሼ፣ ፓምፑ ያጓራል እንጂ አይስብም።»

ክዳኑን ከፍቼ እጄን አስገባሁ። ሌላ ጊዜ ግሪቱ፣ ማለትም ማሽኑ የሚረጨው የብረት ፍሬ፣ እንደ እርጥብ አሸዋ በጣት መሃል ይሾልካል። ያን ቀን እጄ ጠንካራ ነገር ነካ። የታንኩ ወለል ነው እንዳልል ወለሉ ከዚያ ከአንድ ስንዝር በላይ ይርቃል። የነካሁት ግሪቱን ነበር። በአራት ቀን ድንጋይ ሆኗል።

በመሮና በመዶሻ እየሰበርን ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጀብን። አንዱን ቁራጭ ደጅ አውጥቼ በፀሐይ አየሁት። ውጪው ብርቱካናማ ነው። የተሰበረበት በኩል ጥቁር ጥቁር ፍሬዎች ይታያሉ፤ እያንዳንዷ ፍሬ ዝጋ ከጎረቤቷ ጋር ተጣብቃለች። በጥፍሬ ልፈለቅቅ ሞከርኩ፤ ጥፍሬ ተሰበረ። ከ200 ኪሎው ቀጥቅጠንና በወንፊት ነፍተን ያተረፍነው 70 ኪሎ ቢሆን ነው። ዛሬ ይህን የምጽፈው በዚያ በጠፋው ምክንያት ነው። ሌላውን ሰው ከማክሰኞው ጠዋት ላድነው።

ሥራዬ የከባድ መኪና ሻንሲ፣ ተሳቢና ቸርኬ ከዝገትና ከአሮጌ ቀለም ማጽዳት፣ ከዚያ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) መቀባት ነው። አዳማ የጅቡቲ መንገድ ላይ ስላለች ሥራ አይጠፋም። ድሮ በደረቅ አሸዋ ነበር የምንሠራው። የአዳማን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከከተማው ዳር ያሉት የንፋስ ተርባይኖች ያለ ነገር አልተተከሉም። አቧራው የጎረቤት ልብስ ላይ ያርፋል፣ ምጣድ ላይ ያርፋል። ከሁሉ በላይ ግን የልጆቹ ሳንባ ላይ ያርፋል። የአሸዋ አቧራ ውስጥ ያለው ሲሊካ ሳንባን ያቆስላል፣ ያደርቃል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፤ ከያዘ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት የለም። እንግሊዝ አገር የዚህ ዓይነት አሸዋ ለብላስት ሥራ እንዳይውል የከለከለው ደንብ የወጣው በ1949 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ ነው። እኛ እስከ አምና ድረስ ከወንዝ እያመጣን አፍና አፍንጫችንን በጨርቅ አስረን እንሠራበት ነበር። ይሄን ሳስበው አሁንም ያመኛል።

ስለዚህ ውሃ የሚቀላቅል ማሽን ገዛሁ። በዚህ አልጸጸትም፤ መቶ ጊዜ ቢመለስ መቶ ጊዜ እገዛዋለሁ። ውሃው አቧራውን ይይዘዋል። ማስክ ግን አሁንም ግዴታ ነው፤ አቧራው ጨርሶ አይጠፋም።

ጸጸቴ ውስጡ የጨመርኩት ነገር ላይ ነው።

ሻጩ ሁለት ነገር አሳየኝ። ጋርኔት የሚባለው የድንጋይ ፍሬና ስቲል ግሪት። «ጋርኔቱን ሦስት አራት ጊዜ ትጠቀምበትና ትጥለዋለህ። ብረቱ ግን መቶ ጊዜ፣ ከዚያም በላይ ይመላለሳል» አለኝ። 25 ኪሎውን ከረጢት አስያዘኝ። ሲያዩት የ5 ኪሎ ጤፍ ያህል ነው፤ ሲያነሱት ወገብ ይይዛል። ያ ክብደት ልቤን ወሰደው። ስምንት ከረጢት ገዛሁ። «ማታ ማታ ውሃውን አፍስሰው፣ ሌላ ጣጣ የለውም» ብሎ ሸኘኝ።

ወንድሜ፣ ጣጣው እዚያ ላይ ነበር። የነገርከኝ መቶ ጊዜ እውነት ነው፤ ግን በደረቅ ሲሠራ ነው። ግሪት ብረት ነው። ብረት ከውሃና ከአየር ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን እኔ ልንገርህ እንዴ? እንጀራዬ እሱ ነው። አንተ ደግሞ ውሃውን አፍስስ አልከኝ። ብታሳስበኝ ኖሮ አስበው ነበር፦ ውሃውን ማፍሰስ ማድረቅ አይደለም። ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ ያለ ብረት የሚያገኘው አየር ትንሽ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚዝገው። ውሃው ሲፈስ ግን በየፍሬዋ መካከል እርጥበቱ ይቀራል፣ አየሩ ይገባል። ለዝገት ከዚህ የተመቸ የለም። ደግሞ ብረት ሲዝግ ያብጣል። ዝገቱ ከበላው ብረት በእጥፍ የሚበልጥ ቦታ ይይዛል። በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት እየሞላ ያያይዛቸዋል። ፋሲካን ሙሉ ታንኬ ውስጥ ሲሠራ የነበረው ይሄ ነው።

«በየቀኑ የሚሠራ ሰው አይቸገርም» ትለኝ ይሆናል። በየቀኑም ሠርተንበታል። ግሪት ከውሃ ወደ ስምንት እጥፍ ይከብዳል፤ ጋርኔት አራት እጥፍ ገደማ ነው። ፓምፑ ለሻይ ዕረፍት በቆመ ቁጥር ግሪቱ ታች ይወርድና ባልቦላው አፍ ላይ ይከመራል። ልጁ እንደገና ሲያስነሳ የመርጫው ቱቦ አንድ ሁለቴ ይንፈራፈርና ከኖዝሉ፣ ከቱቦው ጫፍ፣ ንጹህ ውሃ ብቻ ይወጣል። ከዚያ ቱቦ ፈትቶ መጠንቆል ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ በቀን ሁለት ሦስቴ ይህን እናደርግ ነበር። የጋርኔት ሰዎች እንዲህ አይለፉም።

አንድ ነገር ልመስክርለት። መጀመሪያ የሠራነው የተሳቢ ቸርኬ ሲወጣ ያየሁትን አልረሳውም። አምስት እጅ ቀለም የተደራረበበት ነበር። ግሪቱ ከባድ ስለሆነ ውሃው ጉልበቱን አይሰርቀውም። ቀለሙን ልጦ፣ ዝገቱን ከጉድጓዱ አውጥቶ፣ ወጥ የሆነ ግራጫ ብረት አወጣልን። ልጆቹ ከበው በእጃቸው እየዳበሱ አዩት። ያን ቀን ሻጩን መርቄዋለሁ።

ችግሩ ግራጫው ግራጫ ሆኖ አይቆይም። በውሃ የጸዳ ብረት ራሱ ቶሎ ቢጫ ያወጣል፤ ይሄ ጋርኔትም ላይ አለ፣ ጥፋቱ የግሪቱ ብቻ አይደለም። ግሪቱ ግን ይብሳል። ሻንሲ የታጠፈበትና የተበየደበት ጥግ ውስጥ ደቃቁ ብረት ይቀመጣል። ከባድ ስለሆነ ስታጥበው አይሄድም። በኮምፕረሰር ነፍተህ ጨርሻለሁ ብለህ አንቲረስቱን ስትቀባ ከሥሩ ያው እርጥብ ብረት አለ። ከሳምንታት በኋላ ከቀለሙ ስር ቡናማ ነጥብ ይወጣል።

ለዚህ ውሃው ላይ የሚጨመር ዝገት መከላከያ አለ። ሶዲየም ናይትራይት የሚባለው ይሠራል፤ ቢጫውን ያዘገየዋል። እኔ ግን ጋራዤ ውስጥ ማስቀመጥ አልፈለግኩም። መርዝ ነው፤ መልኩ ደግሞ ቁርጥ የገበታ ጨው ነው። ልጆቹ ምሳቸውን እዚያው ነው የሚበሉት። ቆሻሻውን ውሃ ቦይ ውስጥ መድፋትም አይቻልም። ሌላ የተሻለ አለ የሚሉኝ አሉ፤ እሱም ሻጩ ከነገረኝ ዋጋ ውስጥ አልነበረም።

ከሁሉ ያሳፈረኝ የአሉሚኒየም ቸርኬዎቹ ነገር ነው። ጥር ላይ አንድ ደንበኛ የቤት መኪናውን አራት ቸርኬ ይዞ መጣ። ለከባድ ብረት የምንጠቀመውን ግሪት ሳልቀይር ሠራሁለት። ሲያልቅ አማረ፤ ቫርኒሽ ተቀባ፤ ሰውየው ደስ ብሎት ሄደ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰ። ቸርኬው ላይ እንደ ማድያት ቡናማ ነጥብ ወጥቶበታል። አሉሚኒየም ለስላሳ ነው። ግሪቱ ሲመታው ስብርባሪው ውስጡ ተሰክቶ ይቀራል፣ እዚያው ሆኖ ይዝጋል። ለማይዝግ ብረትም ያው ነው፤ ግሪት የነካው አይዝጌ መዛግ ይጀምራል። አራቱንም ልጬ በነጻ ደግሜ ሠራሁ። ሰውየው አልተቆጣም። ዝም ብሎ ነው የሄደው፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ብሰደብ ይሻለኝ ነበር።

ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሾት (ክብ ክብ ፍሬ) አለ። ለውሃ ሥራ የሚሆነው እሱ ነው፤ ዋጋው ግን ለእንደኔ ዓይነት ጋራዥ አይቀመስም። ትልቅ ድርጅት ካላችሁና የሚወጣውን ሁሉ መልሳችሁ የምትሰበስቡበት የተዘጋ ክፍል ካላችሁ እሱን አስቡ።

እኔ ከፋሲካ ወዲህ ታንኩ ውስጥ ጋርኔት ነው የማደርገው። ቶሎ ያልቃል፤ እውነት ነው፣ ወጪው ይሰማኛል። ግን ቅዳሜ ዘግቼ ስሄድ ሰኞ ምን ይጠብቀኝ ይሆን ብዬ አላስብም። ስቲል ግሪትን ከውሃ ጋር ድጋሚ አልገዛም። ግዙ ብሎ የሚመክራችሁ ካለ መጀመሪያ ማታ እንዴትና የት እንደምታደርቁት ይንገራችሁ።

የተረፈውን 70 ኪሎ ላሜራ ላይ ዘርግተን ፀሐይ አስመታነው። ለደረቅ ሥራ፣ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ለትናንሽ ዕቃ እንጠቀምበታለን። እዚያ ጎበዝ ነው። በየሳምንቱ እየነፋን እንመልሰዋለን፤ እስካሁን ምንም አላለም።

ከታንኩ ከወጣው ድንጋይ አንዱን አልጣልኩትም። የቡጢ ያህል ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ማሽኑን አይቶ «ምን ዓይነት ግሪት ልግዛ?» የሚለኝ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ እሱን አስይዘዋለሁ።