ታቦርን ከአስጎብኚ ጋር፦ «ጉብታ» የተባለልን አቀበት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት፣ አምባሰል ተወልደው ያደጉትን አክስቴን ይዤ፣ በሐዋሳው የታቦር ተራራ ላይ እንግዳ የሚያስጎበኙ ወጣቶችን አገልግሎት ተጠቅሜያለሁ። አስጎብኚያችን በሰዓቱ ደርሶ ጠበቀን፤ ትሑትና ትዕግሥተኛም ነው። ይህን ያስቀደምኩት ቅሬታዬ ከልጁ ጋር ሳይሆን ከመነሻችን በፊት ከተሰጠን ወረቀት ጋር ስለሆነ ነው።

ወረቀቱ ጉዞውን «ለማንኛውም ዕድሜ የሚስማማ፣ ቀላል ጉብታ» ይለዋል። ጉብታ ሕፃን በአንድ ትንፋሽ ሮጦ የሚወጣው፣ ከኩይሳ ብዙም የማይበልጥ የመሬት እብጠት ነው፤ «ጉብ አለ» የምንለውም አንድ ነገር እንዲህ ባለች ትንሽ ከፍታ ላይ ሲቀመጥ ነው። አክስቴም ይህንኑ ቃል አምነው ስስ ነጠላ ጫማ አድርገው መጡ። መንገዱ ግን ከግርጌው ለስለስ ብሎ ይጀምርና ወገቡ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ልቅ ጠጠሩ ከእግር ሥር እየሸሸ የሚያንሸራትት፣ ደረትን የሚፈትን እውነተኛ አቀበት ነው። ሕዝቡ ታቦርን ተራራ ይለዋል፤ እኔ በመጠኑ ኮረብታ ብለው ይቀለኛል፤ ጉብታ ግን በምንም መንገድ አይደለም። ስሙ ራሱ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ተራራ ጋር አንድ ነው፤ ነሐሴ 13 የምናከብረው ደብረ ታቦርም በግእዙ «የታቦር ተራራ» ማለት ነው።

አክስቴ ወገቡ ላይ ቆም ብለው ሽቅቡን አዩና፣ «ልጄ፣ ዳገት ፊት ለፊት አይገጠምም፤ በአግድም ነው የሚወጣ» አሉት። ልጁም «እሺ እማማ» ብሎ ዱላውን ሰጣቸው፤ ከዚያ በኋላ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እየተጣመምን፣ እሳቸው ከፊት እኛ ከኋላ ሆነን ወጣን። የጉዞው ምርጥ ክፍል ይህ ነበር፤ አስጎብኚ ከእንግዳው ለመማር ሲፈቅድ ማየት ለእኔ ከአገልግሎቱ ሁሉ የላቀ ዋጋ አለው።

አናቱ ላይ ስንደርስ «እንኳን አምባው ላይ ደረሳችሁ» አለን። አክስቴ ግሸን ማርያምን በእግራቸው የወጡ ናቸውና ይህን ቃል ዝም ብለው አላለፉትም። አምባ ዙሪያውን ገደል የከበበው፣ አናቱ ግን ሰው ሊሰፍርበትና ሊያርስበት የሚችል ሜዳ የሆነ ተራራ መሆኑን፣ መውጫውም ጥቂት በር ብቻ ስለሆነ ቀድሞ የነገሥታት ልጆች በግሸን ተጠብቀው ይኖሩ እንደነበር አስረዱት። አፋፍ የሚባለው ደግሞ የገደሉ ከንፈር፣ ሰው ቆሞ ቁልቁል የሚያይበት ጫፍ ነው። ልጁ በስልኩ ላይ እየጻፈ «ጋራስ?» ብሎ ጠየቀ፤ «ጋራ ከቤትህ ደጅ ቆመህ ማዶ የምታየው ነው» አሉት። መዝገበ ቃላት እንዲህ አይፈታው ይሆናል፤ ነገር ግን «ጋራ ሸንተረሩን አቋርጦ» ስንል ዓይናችን የሚያየው ይህንኑ ነው። በነገራችን ላይ ኦሮምኛም ተራራን ጋራ ይላል፤ ለኮረብታና ለተራራ የሚለው ሌላው ቃሉ፣ ቱሉ፣ በባሌው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ስም ውስጥ አለ።

ከላይ የሚታየው ልፋቱን ይክሳል፤ በምዕራብ ሐይቁ፣ በደቡብ የአላሙራ ተራራ፣ ከሥር ደግሞ በቀጥታ የተዘረጋው የከተማው መንገድ። አስጎብኚው ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ መሆኑን፣ ስለዚህም ሙቀቱ ቆላ ቢያስመስለውም ወይና ደጋ እንደሚባል በሚገባ አብራርቷል። ለመቀመጫ የሚሆን ነገርና ተጨማሪ ውኃ አለመያዙ ግን ጉድለት ነው።

ቁልቁለቱ ከአቀበቱ የበለጠ ጊዜ ወሰደብን፤ አክስቴ ጉልበታቸውን እየያዙ፣ ልጁም ክንዳቸውን ደግፎ ወረዱ። ከታች ስንደርስ ወረቀቱን አውጥቶ «ጉብታ» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዘና «ኮረብታ፤ ወገቡ ላይ አቀበት አለው» ብሎ ጻፈበት። የታተሙት ሁሉ እንዲሁ እስኪታረሙ ድረስ፣ አዛውንት ይዞ የሚሄድ ሰው ፀሐይ ሳይበረታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንዲነሣ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ እንዲያስደርግና ዱላ አስቀድሞ እንዲጠይቅ እመክራለሁ።