ለዴስክቶፕ ሁለተኛ ኤስኤስዲ፦ ሳምሰንግ 870 ኢቮ እንዴት ነው?

ፍርዱን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ዊንዶውስ የተጫነበት ዋናው ድራይቭ ኤንቪኤምኢ (ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካው ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት) ከሆነ፣ ሁለተኛው ላይ ለፍጥነት ብሎ ብር መጨመር አይታየኝም። እኔ ሳምሰንግ 870 ኢቮ ገዛሁ፤ ባለ 1 ቴራባይቱን፣ ያው ባለ 2.5 ኢንች ሳታውን፣ በኬብል የሚያያዘውን የቆየ ዓይነት። ወድጄዋለሁ፣ ቅሬታም አለኝ።

ሥራዬ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው። ዋናው ድራይቬ 500 ጊጋባይት ነው፤ ጥር ሲገባ ሰርግ በሰርግ ላይ ይደራረብና ወዲያው ጢም ይላል። የድሮው ሃርድ ዲስክ ደግሞ የሦስት ካሜራ ምስል አንድ ላይ ሲከፈትበት ይንተፋተፋል። ስለዚህ ሁለተኛ ኤስኤስዲ ግድ ሆነ።

«ለምን ኤንቪኤምኢ አልገዛህም?» ያለኝ ብዙ ሰው ነው። ደብሊውዲ ብሉ ኤስኤን 580 ባለ 1 ቴራው በሴኮንድ 4150 ሜጋባይት ያነባል ይላል ካርቶኑ፣ 870 ኢቮ ግን 560 ላይ ይቆማል፣ ምክንያቱም ሳታ የሚባለው መስመር ራሱ ከዚያ ብዙም አያሳልፍም። በወረቀት ሰባት እጥፍ ልዩነት ነው። አሁን ሒሳቡን ሥሩት፦ ብዙ ካሜራዎች ፎርኬ ሲቀርጹ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ይጽፋሉ፤ ስምንት ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ስለሆነ ይህ 12.5 ሜጋባይት ማለት ነው። አራት ካሜራ አንድ ላይ ብታጫውቱ 50 ሜጋባይት። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ቢጎተት ድራይቩን አትውቀሱ፣ ፕሮሰሰሩን ጠይቁት። ልዩነቱ የሚታየው ትልቅ ፋይል ከኤስኤስዲ ወደ ኤስኤስዲ ስትገለብጡ ነው። ከካሜራ ካርድ ስትገለብጡማ ተራ ካርድ በሴኮንድ ከ100 ሜጋባይት ብዙም ስለማያልፍ ድራይቩ ቁጭ ብሎ ካርዱን ይጠብቃል።

ሌላው ምክንያቴ ማዘርቦርዱ ነው። ሁለተኛው የኤም ዶት ቱ ቦታ (እንደ ኤንቪኤምኢ ያሉ ቀጫጭን ድራይቮች የሚሰኩበት) ላይ ድራይቭ ሲገባ ሁለት የሳታ ቀዳዳዎች ሥራ ያቆማሉ፣ እነሱ ላይ ደግሞ የቆዩ ሃርድ ዲስኮቼ ተሰክተዋል። ይህ በብዙ ማዘርቦርድ ላይ ያለ ነገር ነው። አንዳንዱ ቦታ ኤንቪኤምኢ ብቻ ይቀበላል፣ አንዳንዱ ሳታ ብቻ፣ ሲታይ ግን አንድ ዓይነት ነው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ማኑዋሉን ከኢንተርኔት አውርዳችሁ ያንን ገጽ ብቻ አንብቡ፤ ሻጩ አያውቀውም፣ ቢያውቀውም አይነግራችሁም።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ። ሱቅ ውስጥ ከ870 ኢቮ ጎን 870 ኪውቪኦ የሚባል አለ። ካርቶኑ ይመሳሰላል፣ ስሙ ይመሳሰላል፣ ዋጋው ቀነስ ይላል፣ ሻጩም «ያው ሳምሰንግ ነው ወንድሜ» ይላችኋል። ያው አይደለም። ባለ 1 ቴራው ኪውቪኦ በአንድ ጊዜ ብዙ ሲጻፍበት የመጀመሪያውን 42 ጊጋባይት ገደማ በፍጥነት ይቀበልና ከዚያ በሴኮንድ ወደ 80 ሜጋባይት ይወርዳል። ከደህና ሃርድ ዲስክ ያነሰ ማለት ነው! የአንድ ሰርግ 200 ጊጋባይት ከሌላ ድራይቭ ስትገለብጡበት ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ይደርሳል። ዋስትናውም 3 ዓመት ነው፣ የኢቮው 5። ኢቮ 5 ዓመቱ እስኪሞላ ወይም 600 ቴራባይት እስኪጻፍበት፣ ከሁለቱ የቀደመው እስኪደርስ፣ ይሸፈናል፤ 600 ቴራባይቱ ራሱ በየቀኑ 100 ጊጋባይት ብትጽፉበት እንኳ ለማለቅ ከ16 ዓመት በላይ ይወስዳል፤ ያን ጊዜ ሳታ የሚባል ነገር መኖሩንም እንጃ። ፊልምና ፎቶ ብቻ ለሚያስቀምጥ ሰው ኪውቪኦ አይከፋም። ለእኔ ሥራ ግን አይሆንም።

ኪንግስተን ኤ400? በየሱቁ ሞልቷል፣ ርካሽ ነው፣ የራሱ ዲራም (ድራይቩ ፋይል የት እንዳለ ቶሎ የሚያይበት ትንሽ ሜሞሪ) የለውም። ለቢሮ ኮምፒውተር ወይም ለአሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል።

አዲስ አበባ ውስጥ ስትገዙ ደግሞ ዓይናችሁን ክፈቱ። ዋጋ አልጽፍም፣ በየሳምንቱ ይቀያየራል፤ ግን ባለ 2 ቴራባይት ድራይቭ በባለ 500 ጊጋው ዋጋ ካያችሁ ጥላችሁ ሂዱ። ከሱቁ ሳትወጡ ኮምፒውተር ላይ አሰክታችሁ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱ፣ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይነግራችኋል። «አዲስ» የተባለ ዕቃ ሺህ ሰዓት ካሳየ አዲስ አይደለም፣ አለቀ። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁር ያጥቁር። ቤት ስትደርሱ የሳምሰንግ የራሱ ፕሮግራም፣ ማጂሺያን፣ ኦሪጅናል መሆኑን ያረጋግጥላችኋል፣ ኤችቱቴስት ደብሊው የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ድራይቩን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል፣ መጠኑ የውሸት ከሆነ እዚያ ይጋለጣል። ዋስትናውን ማን እንደሚሸፍን፣ ሱቁ ይሁን አምራቹ፣ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

ቅሬታዬ? ካርቶኑ ውስጥ ኬብል የለም፣ ብሎንም የለም። የሳታ ዳታ ኬብል ለብቻው መግዛት አለባችሁ፣ ከፓወር ሰፕላዩም ትርፍ የሳታ ገመድ መኖሩን ኬዙን ከፍታችሁ እዩ። በ2021 እ.ኤ.አ. ከተመረቱት 870 ኢቮዎች መካከል ቶሎ የተበላሹ እንደነበሩ ብዙ ተወርቷል፤ ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ የምርት ቀኑን ተመልከቱ፣ ፈርምዌሩንም (የድራይቩን የውስጥ ሶፍትዌር) በማጂሺያን አድሱ። ከሰካችሁ በኋላ ድራይቩ ማይ ኮምፒውተር ውስጥ ባይታይ አትደንግጡ፣ የዊንዶውሱ ዲስክ ማኔጅመንት ገብታችሁ ጂፒቲ የሚለውን የዲስክ አከፋፈል መርጣችሁ ፎርማት አድርጉት። 931 ጊጋባይት ብቻ ቢያሳይም ማንም አላታለላችሁም፣ ዊንዶውስ የሚቆጥረው እንደዚያ ነው።